ጠረጴዛ የማያውቀው የቀለም ዕቃ

በአንድ ወዳጃችን ቤት ለኢፍጧር ተጠርተን ነበር። መግሪብ ተሰግዶ፣ ማዕድ ተነስቶ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ የእንግዶች ዓይን እንደ ልማዱ በሳሎኑ ዕቃ ላይ መዞር ጀመረ። ብፌው መሃል፣ ከስኒዎቹ በላይ ባለው መደርደሪያ፣ አንድ የሚያብረቀርቅ የነሐስ ዕቃ ተጋድሟል። ቁመቱ ከስንዝር ትንሽ የሚበልጥ፣ አፎት መሳይ ነገር ነው፤ በአንደኛው ጫፍ ጎኑ ላይ ባለ ክዳን ትንሽ ሳጥን ተለጥፋበታለች። ወዳጃችን ለንግድ ወደ ኢስታንቡል በሄደ ጊዜ ገዝቶ ያመጣው ነው። «የጥንት የቱርክ የጠረጴዛ ዕቃ ነው፤ ከባለሥልጣን ቤት የወጣ» ሲል አስረዳን።

የወዳጃችን ልጅ ዐሥር ዓመቱ ነው፤ ቁርኣን ካኸተመ ገና ዓመት አልሞላውም። አባቱ ሲያወራ ዕቃውን አነሳና ጎኑ ላይ የተቀረጸውን ጽሕፈት ከቀኝ ወደ ግራ ሊያነብ ሞከረ። ገለበጠው። ወደ መብራቱ አስጠጋው። በመጨረሻም፣ «አባዬ፣ ይሄ እኮ ምንም አይልም፤ ፊደል አይደለም» አለ። የትንሿን ሳጥን ክዳን ሊከፍት ቢታገልም አልሆነለትም። ክዳን የመሰለው በላዩ የተጫረ መስመር ነው እንጂ የሚከፈት ነገር የለውም፤ ሙሉው ዕቃ በአንድ ቅርጽ ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ነው።

ሁላችንም ሳቅን። ወዳጃችንም አብሮን ሳቀ፤ የከፈለውን ገንዘብ ግን አልነገረንም።

ታሪኩን ያነሳሁት በወዳጄ ለመሳለቅ አይደለም። እርሱ በአንድ ዕቃ ተታለለ፤ ይህ በማንም ላይ ይደርሳል። እኔን ያሳሰበኝ እውነተኛውን ዕቃ በውድ ዋጋ ገዝተው የሚሰበስቡት ሰዎችም ብዙ ጊዜ ከወዳጄ የተሻለ አለማወቃቸው ነው። የእነርሱ ዕቃ ክዳኑ ይከፈታል፤ እነርሱ ግን አይከፍቱትም። ጽሕፈቱም ይነበባል፤ እነርሱ ግን አያነቡትም። የድሮ የቱርክ የነሐስ የጽሕፈት ዕቃ መሰብሰብ ዛሬ በብዙ አገር የተለመደ ሥራ ሆኗል። በዚህ ሥራ ላይ ጥቂት ትችት ለማቅረብ ፍቀዱልኝ፤ ትችቱም ከስሙ ይጀምራል።

«የጠረጴዛ ዕቃ» የሚለው ስም ስህተት ነው። ቱርኮች ይህን ዕቃ ዲቪት ይሉታል፤ ቃሉ «ደዋት» ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው። ደዋት የቀለም መያዣ መሆኑን የቁርኣን ቤት ልጆች ሁሉ ያውቃሉ። ከሙፈሲሮች መካከል በሱረቱል ቀለም መክፈቻ ላይ የምትገኘውን «ኑን» የምትለውን ፊደል ራሷን ደዋት ማለት ነው ብለው የተረጎሙ መኖራቸውም ይታወቃል፤ ሌሎቹ በዚህ አልተስማሙም። ለማንኛውም ዲቪት ሁለት ነገር በአንድ ላይ የያዘ ነው። ረጅሙ አካል የመቃ ብዕሮችና የሰንጢ ማኖሪያ ነው፤ በጎኑ ያለችው ሳጥን የቀለም መያዣ ናት። ጸሐፊው ረጅሙን አካል ወገቡ ላይ በተጠመጠመው ሰፊ መታጠቂያ ውስጥ ይሰካዋል፤ የቀለሟ ሳጥን ከመታጠቂያው ውጭ ስለምትቀር ዕቃው ወደ ታች እንዳይሾልክ ትይዘዋለች። እንዲያ ሆና የተሠራችው ለውበት ብቻ ሳይሆን እንደ ማንጠልጠያ እንድታገለግልም ነው።

ጠረጴዛ ታዲያ የት አለ? የኦቶማን ጸሐፊ በአብዛኛው ምንጣፍ ወይም ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ፣ ቀኝ ጉልበቱን አቁሞ፣ ወረቀቱን በጉልበቱ ላይ ባስደገፈው ለስላሳ መደገፊያ ላይ አድርጎ ይጽፍ ነበር። ጠረጴዛና ወንበር ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች በብዛት የገቡት በ19ኛው መቶ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1839 ከታወጀው የተንዚማት ለውጥ በኋላ ነው። ቀለም መያዣና የአሸዋ ብልቃጥ በአንድ ትሪ ላይ ተደርድረው ጠረጴዛ ላይ መቀመጣቸውም፣ ከአውሮፓ የመጣው ባለ ብረት ጫፍ ብዕርም የተስፋፉት በዚያው ዘመን ነው። እነዚህ በእርግጥ የጠረጴዛ ዕቃዎች ናቸው፤ ስማቸው አያጣላንም። ዲቪት ግን ከሰው ጋር የሚሄድ ዕቃ ነበር፤ ገበያ የሚወጣ፣ መስጂድ ግቢ የሚቀመጥ፣ ከሠራዊት ጋር የሚጓዝ። ዛሬ ነጋዴው ከትሪውና ከአሸዋው ብልቃጥ ጋር ቀላቅሎ «ሙሉ የጠረጴዛ ስብስብ» ብሎ ሲሸጠው፣ የሚሄደውን አስቀመጠው ማለት ነው። ገዢውም እንደተቀመጠ ወርሶ እንደተቀመጠ ያወርሰዋል።

አሁን ክዳኑን እንክፈት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጉዳይ ኢስታንቡል በቆየሁ ጊዜ በአንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ውስጥ እውነተኛ ዲቪት በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ክዳኗ በማጠፊያ የተያዘች ስትሆን ስትከፈት ቀጭን ድምፅ ታሰማለች። ውስጧ ጥቁር፣ ደረቅ፣ ጭድ የመሰለ ነገር አለ። ባለ ሱቁ፣ «ቆሻሻ ነው፤ ከፈለግህ አጸዳልሃለሁ» አለኝ። ቆሻሻ አልነበረም፤ ሊቃ ነበር። ሊቃ ማለት በቀለሙ ውስጥ የሚነከር ጥሬ ሐር ነው። ቀለሙን እንደ ስፖንጅ ስለሚይዝ ዕቃው ቢገለበጥ እንኳ ቀለሙ በቀላሉ አይፈስም፤ የብዕሩም ጫፍ ሲጠቀስ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይወስዳል። ጸሐፊው የቀለም ዕቃ ወገቡ ላይ ታጥቆ ልብሱን ሳያበላሽ እንዴት ይሄድ እንደነበር የሚያስረዳው ይህ ደረቅ ሐር ነው። ባለ ሱቁ ሊያጸዳልኝ የፈለገው የዕቃውን ምስጢር ነበር።

ቀለሙ ራሱ ከጥቀርሻ የሚሠራ ነበር። የዘይት መብራት ጥቀርሻ ከግራር ሙጫና ከውኃ ጋር ለረጅም ጊዜ ሲፈጭና ሲመታ ጥሩ ጥቁር ቀለም ይወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1557 ተሠርቶ ባለቀው የሱለይማኒያ መስጂድ፣ መሐንዲሱ ሲናን የመብራቶቹን ጭስ አየሩ ራሱ እየነዳ ከዋናው በር በላይ ወዳለ ክፍል እንዲሰበስበው አድርጎ ነበር፤ እዚያ የተጠራቀመው ጥቀርሻም ለጸሐፊዎች ቀለም ይውል ነበር ተብሎ ይነገራል። የእኛም አገር ደረሳ በእንጨት ሉሑ ላይ የሚጽፍበትን ቀለም ከጥቀርሻ ሲያበጅ የኖረ ነውና ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። «ቀለም» የሚለው ቃል በዐረብኛ ብዕሩን ሲሆን በአማርኛ ደግሞ ብዕሩ የሚጠቀሰውን ፈሳሽ ነው። «ነሐስም» እንዲሁ ነው፤ ዐረቡ መዳቡን ሲለው እኛ መዳብና ዚንክ የተቀላቀሉበትን ቢጫውን እንለዋለን። ቱርኮቹ በበኩላቸው ነሐስን «ፒሪንች» ይሉታል፤ ያው ቃል ሩዝም ማለት ነው።

በረጅሙ አካል ውስጥ የሚተኛው መቃ ነው። መቃው በሰንጢ ይቀረጻል፤ ጫፉ የሚቆረጠው ግን በእጅ ላይ ወይም በእንጨት ላይ አይደለም። ማክታ የሚባል ከዝሆን ጥርስ፣ ከአጥንት ወይም ከመሰል ነገር የተሠራ ስስ ሰሌዳ አለ፤ መቃው በላዩ ይተኛና በአንድ ምት ይቆረጣል። ለወረቀት መቁረጫ የሚሆኑ ረጃጅም መቀሶችም ነበሩ፤ የአንዳንዶቹ መያዣ «ያ ፈታሕ» የሚለውን ጽሕፈት በሚሠራ ቅርጽ የተቀጠቀጠ ነው። ጣቱን ያስገባ ሁሉ በአላህ ስም ውስጥ ያስገባ ነበር። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ለመቃው ፍቅፋቂ እንኳ የሚሰጠው ክብር ነው። በ1201 በባግዳድ የሞቱት ታላቁ ዓሊም ኢብኑል ጀውዚ፣ ሐዲሥ የጻፉባቸውን የብዕሮች ፍቅፋቂ ሰብስበው አቆይተው፣ ሲሞቱ የገላ ማጠቢያቸው ውኃ በዚያ እንዲሞቅ ተናዘዋል ተብሎ ይተረካል። ከቱርክ ሐጣቶች (ውብ ጽሕፈት ከሚጽፉት) መካከልም ይህን ልማድ የያዙ እንደነበሩ ይነገራል።

ይህ ሁሉ ዕቃ እንዴት ወደ አሮጌ ዕቃ ሱቅ ገባ? ብዕር ስለተለወጠ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1928 የቱርክ ምክር ቤት አዲሱን የላቲን ፊደል በሕግ አጸደቀ። በታኅሣሥ ወር ጋዜጦች በአዲሱ ፊደል መውጣት ጀመሩ፤ ከጥር 1929 ጀምሮ መጽሐፍን በአሮጌው ፊደል ማተም ተከለከለ። ሁለት ወር ብቻ! ትናንት በጻፈው የሚኖር ሰው ዛሬ የማያነብ ሆነ። የልጅ ልጁም የአያቱን ደብዳቤ፣ የቤቱን ውል፣ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ያለውን ስም ማንበብ አቃተው። ዲቪቱ የሚሸጥ ብረት የሆነው በዚያን ጊዜ ነው። ጌጥ የሆነው ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ እንዴት ያገለግል እንደነበር የሚያውቀው ትውልድ ሲያልፍ ነው።

እርግጥ ነው፣ ፍርዳችን ሚዛኑን የጠበቀ መሆን አለበት። ያኔ ሁሉም ሰው ዲቪት ታጥቆ ይዞር ነበር ብለን ብናወራ ራሳችንን እናታልላለን። እ.ኤ.አ. በ1927 በተደረገው ቆጠራ ማንበብ የሚችለው የቱርክ ሕዝብ ከዐሥር ሰው አንዱን ያህል ብቻ ነበር። አብዛኛው ሰው ደብዳቤ ሲያስፈልገው በመስጂድ ግቢና በገበያ ጥግ ወደሚቀመጠው አርዙሐልጂ፣ ማለትም ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ይሄድ ነበር። በየፍርድ ቤታችን ደጃፍ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉትን ያየ ሰው አርዙሐልጂውን አሁኑኑ ያውቀዋል። የመበለቷን አቤቱታ፣ የወታደሩን ሰላምታ፣ የባለ ዕዳውን ልመና የጻፈው የዚህ ሰው ዲቪት ነው። የሱቁ ባለቤት ግን ሁሉንም ዲቪት «የባለሥልጣን» ይለዋል፤ እንዲህ ሲባል ዋጋው ከፍ ይላል። እኔ በበኩሌ የማመልከቻ ጸሐፊውን ብመርጥ ደስ ይለኛል፤ ግን ማን ይጠይቀኛል?

ሰብሳቢዎችም የሚሉት ነገር አላቸው፤ ሐቅም አለበት። «እኛ ባንገዛው ቀልጦ የበር እጀታ ይሆን ነበር» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነሐስ ሁልጊዜ የሚቀልጥ፣ ሁልጊዜም ገዢ ያለው ብረት ነው። የቱርኩ ባለ ሀብት ሳኪፕ ሳባንጂ የሰበሰቧቸው የጽሕፈት ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ1998 በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ለሕዝብ ታይተዋል፤ በ2002 ደግሞ በኢስታንቡል የራሳቸው ሙዚየም ተከፍቶላቸዋል። እንዲህ ያለ ሰብሳቢ ብዙ አድኗል። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፦ ዕቃውን ከጽሕፈቱ ጋር የሰበሰበ ሰው አለ፤ ጽሕፈቱን ትቶ ብረቱን ብቻ የሰበሰበ ሰውም አለ። የሁለተኛው ወገን ሰው ስለ ስብስቡ ሲናገር አዳምጡት። ክብደቱን ይነግራችኋል፤ ዕድሜውን ይነግራችኋል፤ ዋጋው ከየት ወዴት እንደወጣ ይነግራችኋል። መቃ ቀርጾ አንዲት አሊፍ ጽፎ እንደሆነ ግን ጠይቁት።

አሊፍ መጻፍ ደግሞ የጠፋ ጥበብ አይደለም። ፊደሉ ከመንገድና ከመጽሐፍ ሲወጣ ከሐጣቶች እጅ አልወጣም። በዲያርበኪር የተወለዱት ሐሚድ አይታች እ.ኤ.አ. በ1982 እስኪሞቱ ድረስ ኢስታንቡል ውስጥ ጽፈዋል፣ አስተምረዋልም። እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው ዓለም አቀፍ የጽሕፈት ውድድር የመጀመሪያው ዙር በስማቸው ተሰይሟል። በ2021 ደግሞ ዩኔስኮ የቱርክን «ሑስኒ ኸጥ» በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስፍሮታል። ለዚህ ጥበብ የሚያስፈልገው የነሐስ ዲቪት አይደለም። ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ቁራጭ ጥሬ ሐር፣ አንድ መቃ፣ ጥሩ አስተማሪና ትዕግሥት ይበቃሉ። ወዳጄ ለብፌው ዕቃ ባወጣው ገንዘብ ልጁ ለዓመታት የሚጽፍበትን ወረቀትና ቀለም ይገዛ ነበር ብል አጋነንክ የሚለኝ ያለ አይመስለኝም።

በኢስላም ነሐስ የተከለከለ ነገር አይደለም፤ ለመብልና ለመጠጥ የተከለከለው የወርቅና የብር ዕቃ ነው። ረሡል (ሰ.ዐ.ወ.) ከነሐስ ዕቃ ውዱእ ማድረጋቸውም በሐዲሥ ተዘግቧል። ስለዚህ ክርክሬ በሐላልና በሐራም ላይ አይደለም። ቤትን ማስጌጥም ነውር አይደለም። የምለው፣ የሚጽፍ ነገር ገዝቶ ዝም ማሰኘት ያሳዝናል ነው።

እውነተኛ ዲቪት በእጃችሁ ካለ፣ ወይም ዘመድ ሊያመጣላችሁ ካሰበ፣ ጥቂት ነገር ልበል። እውነተኛው ብዙ ጊዜ ከተለያዩ ክፍሎች ተበይዶ የተሠራ ነው፤ የብየዳው መስመር በጣት ይታወቃል። ክዳኖቹ በማጠፊያ ይከፈታሉ። ዘመን የበላው ቦታ እኩል አይሆንም፤ ልብስ ሲነካው የኖረው ጎን ይለሰልሳል። ውስጡ ውስጥ የደረቀ ቀለም ቢገኝ ዕድል ነው፤ አትጠቡት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሎሚና አመድ አታስነኩት። የቤታችንን ነሐስ በሎሚ ማሸት ለምደናል፤ ነገር ግን የሎሚው አሲድ ከነሐሱ ውስጥ ዚንኩን እየመጠጠ የመዳቡን ቅላት ያወጣል። የመወልወያ ቅባትም በእያንዳንዱ ውልወላ ስስ የብረት ልባስ ይዞ ይሄዳል። ደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። ጥቁረቱ የዕድሜው ነው፤ ተዉለት። ከቱርክ ስለ ማውጣትም፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሕግ ጥንታዊ ቅርስ ከአገር እንዳይወጣ ስለሚከለክል፣ ሻጩ «በሻንጣህ ክተተው፣ ማንም አያይህም» ቢል አትስሙት። የሌላ አገር ቅርስ በድብቅ ተወስዶ የሚያምርበት ቤት የለም፤ የራሳችን ኪታቦች በዚህ መንገድ ሲሄዱ እንዴት እንደተቃጠልን እናውቃለን።

ሊታይ የሚገባው ትልቁ ነገር ግን ማህተሙ ነው። ጥሩ ሠሪዎች በዕቃው ላይ ከጥፍር የማትበልጥ ማህተም ይመቱ ነበር። አንዳንዴ የሠሪው ስም ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ከስሙ በፊት «ዐመል» የሚል ቃል ይቀድማል፤ የእገሌ ሥራ ማለት ነው። እዚያ ኢስታንቡል ሱቅ ውስጥ ባለቤቱን ማህተሙ ምን እንደሚል ጠይቄው ነበር። መነጽሩን አድርጎ ጥቂት አየውና፣ «የድሮ ጽሕፈት ነው» አለኝ። በአያቱ ቋንቋ ተጽፎ፣ በአያቱ ከተማ ተሠርቶ፣ ለእርሱ «የድሮ ጽሕፈት» ብቻ ነው። አልፈረድኩበትም፤ ያላስተማሩትን ከየት ያምጣው? ዕቃውን አልገዛሁም፤ ማህተሙን ግን በፎቶግራፍ አንስቼ መጥቻለሁ።

ያን ፎቶግራፍ በቀደም ለወዳጄ ልጅ ሰጠሁት። ብፌው አጠገብ ቆሞ፣ ወረቀቱን አቅርቦ አርቆ እያየ በጣቱ ተከተለው። «ዐይን... ሚም... ላም። ዐመል!» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ስም ግን መወልወል ነጥቦቹን ስላጠፋቸው ባ ይሁን ያ መለየት አልቻለም። ለኡስታዙ ሊያሳይ ይዞት ሄዷል።